የፈንታሁን ክርስትና

ትርንጎ እናቷ መውለዷን ለማሩ ሳትነግረው ቀረች። ነገር ከመጀመሪያው፣ እህል ከመከመሪያው ይባላል፤ የዚህ ነገር መጀመሪያው ይኸው ነው።

ምን ታድርግ! መሠረተ ትምህርት የምታስተምር፣ በአውራጃው ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የምትናገር ልጃገረድ፣ ለምትወደው ሰው «እናቴ ወለደች» ማለት አሳፈራት። እኩዮቿ የራሳቸውን ልጅ ሲታቀፉ የሷ እናት በዚያ ዕድሜዋ! «ሀገር ቤት ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብላው ብቻ አለፈች። እሱም አልመረመራት። የሚዋደድ ሰው ምን ይመራመራል?

የተዋወቁት በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በበልጉ ዝናብ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። የአውራጃው ኮሚቴ የእርሻ ልማት ሠራተኞችንና የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ እየሰበሰበ ይገመግም ነበር። አንዱ ስንት እርከን እንደተሠራ ይናገራል፣ ሌላው ስንት ገበሬ ፊደል እንደለየ ይናገራል። ማሩ የሞጣ ልጅ ነው፤ ቀጠን ብሎ የሚያፍር ዓይነት። ተራው ደርሶ ሲነሣ በረዶው በቆርቆሮው ላይ ወረደ። እሱ ይጮኻል፣ ሰብሳቢው «ድምፅ! ድምፅ!» ይላሉ፣ በረዶው ሁለቱንም ይበልጣል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቀች።

ሲወጡ ጣራው ሥር ተጠልለው ቆሙ።

«ሪፖርቴ አሳቀሽ?»

«ሪፖርትህን ማን ሰማው! አፍህን አይቼ ነው የሳቅሁ።»

«አፌ ምን ሆነ?»

«አንድ ነገር አልሆነም» አለችና ዓይኗን ወደ በረዶው መለሰች። «ደኅና አፍ ነው።»

ይህን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ወደ ከተማ በወጣ ቁጥር በጋፋት መንገድ ይሄዳሉ። 

«ጥምቀት ሲያልፍ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት አንድ ቀን።

«ወደ ማን?»

«ወደ አቶ ዘውዱ ነዋ! አባትሽ አይደሉም?»

ትርንጎ ሳቀች። ዘውዱ የአክስቷ ባል ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ከተማ ወስዶ ያስተማራት እሱ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት የተመዘገበችው በሱ ስም ነው፤ ትርንጎ ዘውዱ። የወለዳት እሸቴ ግን ከጉና ሥር፣ አስታ ሜዳ የሚባል ቀበሌ ገበሬ ነው። እዚያ ደግሞ ትርንጎ ብሎ የሚጠራት የለም፤ እናቷ ያወጣችላት አንጓች ነው።

«አዎ፣ ሽማግሌው ወደ ጋሽ ዘውዱ ይምጣ» አለችው። «የቀረውን ያን ጊዜ ታውቃለህ።»

ምናለ ያን ዕለት ብትነግረው! ኧረ ምናለ!

ሰኔ ሊገባ ሲል ኮሚቴው ማሩን ከነበረበት ጣቢያ አንሥቶ ወደ አስታ ሜዳ አዛወረው። እዚያ የነበረው ሠራተኛ የተሻሻለውን የስንዴ ዘር አንድ ገበሬ ማስዘራት አቅቶት ነበር። «የጥቅምቱ ቁጥጥር ሳይደርስ ማሳው ላይ ስንዴ እናያለን» ብለውት ሄዱ። ለትርንጎ የሚነግርበት ቅዳሜ እንኳ አላገኘም።

አስታ ሜዳዎች በትሕትና ተቀበሉት፤ ዘሩን ግን አልነኩም።

«ልጄ፣ አንተ ክፉ አይደለህም» አሉት ሽማግሌዎቹ። «ነገር ግን ዘር ከባዕድ እጅ አይወሰድም። ዘሩ ባይበቅል አንተ ደሞዝህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ እኛ ከልጆቻችን ጋር የት እንሄዳለን?»

እሸቴ በቀበሌው የሚሰማ ሰው ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች በተከታታይ ቀብሮ አሁን ሦስተኛ ተወልዶለታል፤ በሞቱት ፈንታ ሁን ሲሉ ፈንታሁን አሉት። የሕፃኑ አርባ ቀን ሲደርስ ክርስትና ሊያነሣው የነበረው ዘመድ ከጣራ ገዳም ሲመጣ መንገድ ላይ ታሞ ቀረ። ድግሱ ተደግሷል፣ ቄሱ ቆመዋል። የሁሉም ዓይን ወደ ማሩ ዞረ።

«ዘመድ ሁነንና ዘርህን እንዝራልህ» አለው እሸቴ።

ማሩ ደስ አለው፤ ለምን አይለው? ሕፃኑን ከቄሱ እጅ ተቀበለ።

ትርንጎ ለወንድሟ ክርስትና ከሌሊቱ ልትነሣ ነበር ያሰበችው። ኮሚቴው ግን አስተማሪዎቹን ለግምገማ አስቀመጣቸው። እሷ የአስታ ሜዳን ዳገት ስትወጣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እየበላ ነበር። ደጃፉ ላይ እናቷ ጥሩወርቅ እየሳቀች ተቀበለቻት።

«አንጓቼ፣ ደረስሽልኝ! ነይ፣ የወንድምሽን የክርስትና አባት ተዋወቂልኝ።»

በክብር ቦታው ላይ ማሩ ተቀምጧል። አዲስ ማተብ ያሰረ ሕፃን በጭኑ ላይ ተኝቷል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ሕፃኑን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ትርንጎ! አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ጥሩወርቅ። «ታላቂቱ ልጄኮ ናት! ከተማ ያለችው።»

ማሩ ትርንጎን አየ፤ እናቷን አየ፤ በክንዱ ላይ ያለውን ሕፃን አየ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ትርንጎ ቆማ ተመለከተችው። ከሰዉ ሁሉ የገባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ከጓሮ፣ ከገብስ ክምሩ ጀርባ ተገናኙ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርሁ።»

«ምኑ ያሳፍራል?»

«እናቴ ወለደች ማለት አፈርሁ፣ ማሩ! አፈርሁ!» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

በዚያ አገር አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ አባት፣ ለወላጆቹ ወንድም፣ ለእኅቱ ሥጋዋ ነው። ይጋቡ ማለት ወንድምና እኅት ይጋቡ ማለት ነው። የደፈረ ሞቶ እንኳ የሚቀብረው አያገኝም። ይህን ሞጣም ያውቀዋል፤ ለማሩም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ወደ ቄሱ አብረው ሄዱ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገሯቸው።

«አባታችን፣ አናውቅም ነበርኮ!» አለች ትርንጎ። «ሳያውቁ የሆነ ኃጢአት ይሆናል?»

«ልጄ፣ ኃጢአትማ አልሠራችሁም። ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«እኔ የማውቀው የለም። ቢኖርማ ለናንተ እደብቀው ነበር?»

እሸቴ በበኩሉ ነገሩን ሲሰማ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «ሁለት ቀብሬ አንድ አገኘሁ» አላት። «የሱን ክርስትና ልታፈርሽብኝ ከሆነ ንገሪኝና እኔ ከዚህ አገር ልውጣ።»

ስንዴው ተዘራ፤ በቀለ። ገበሬዎቹ «የአበልጃችን ስንዴ» ይሉታል። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ትርንጎን ደግሞ ወደ አስታ ሜዳ መደባት፤ አገሯ ነው፣ ሴቶቹ ለሷ ይወጣሉ ብሎ። እንግዲህ ፍረዱ! ልትሸሸው ካሰበችው ሰው ጋር መንግሥት በደብዳቤ አገናኛት። እሷ ከዛፉ ጥላ ሥር «ሀ፣ ሁ» ስታስቆጥር እሱ ከማዶ እርከን ሲያስለካ ይታያታል። እሱም ቀና ይላል። ከዚያ ሁለቱም ያጎነብሳሉ።

ከሁሉ የከፋው በዓል ነበር። አበልጅ ሳይጠራ በዓል አይውልምና ማሩ ይመጣል፣ ከላይ ይቀመጣል። እጅ የምታስታጥበው የቤቱ ልጅ ናት። ትርንጎ ውኃውን በእጁ ላይ ስታፈስ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ከስተሻል» ይላታል ቀስ ብሎ።

«አንተስ?»

«እኔማ ምን ቀረኝ!»

ውኃው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እንግዳ ታልፋለች። ስንት ጊዜ ማሰሮውን ጥላ መጮኽ አማራት! ምግብ አልበላ አላት፤ እንቅልፍ ጠፋ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጌጤ ከወንዝ ሲመለሱ አጠገቧ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ነው የሚቀድማት።

«ምን ይደረግ እታለም፣ ልጁ የቆመ እንደሆነ ዝምድናውም ይቆማል። ልጁ ባይቆም ኖሮ ያው…»

«ምን አልሽ?»

«ኧረ እኔስ ምንም አላልሁ! ቃሉ ነው ያመለጠኝ፣ አፌን ይቁረጠው!»

ትርንጎ ተቆጥታ ጥላት ሄደች። ግን ለአንዲት ቅጽበት፣ እንስራዋን ከማውረዷ በፊት፣ ልቧ ያንን አስቦ ነበር። ቤት ስትገባ ፈንታሁን ድድ ብቻ በሆነ አፉ ሳቀላት። አቀፈችውና እናቷ እስክትደነግጥ ድረስ አለቀሰች።

መስከረም ሲጠባ ጓድ ሙላቴ አስጠሯቸው። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ጠብደል፣ ሲናገሩ ጠረጴዛ የሚደበድቡ። ወሬውን ሰምተዋል።

«ይህ ያለፈው ሥርዓት ቅሪት ነው!» አሉ። «በናንተ መካከል ምን ዝምድና አለ? አንዲት ጭልፋ ውኃ! በጥቅምቱ ቁጥጥር እኔ ራሴ እመጣለሁ። አንተ በሕዝብ ፊት ዝምድናው ባዶ መሆኑን ትናገራለህ፤ እኛ እዚያው እናጋባችኋለን። ለአውራጃው ምሳሌ ትሆናላችሁ።»

ሲወጡ በጋፋት መንገድ ሄዱ፤ እንደ ድሮው።

«አባትሽስ?» አላት።

«ይረግመኛል።»

«እናትሽ?»

«እናቴ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ይገድለኛል።» ቆም አለች። «ማሩ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። በየበዓሉ እጅህን አስታጥቤ ልኑር? ካንተ ጋር ተረግሜ ልኑር ይሻለኛል። አንተስ?»

«እኔ ካንቺ ሌላ የሚቀረኝ የለም» አለ።

ተስማሙ። ደስታ ግን አልነበረውም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገደል እንደሚገቡ ሰዎች ነበሩ።

የቁጥጥሩ ቀን የኮሚቴው ላንድ ሮቨር ሜዳው ላይ ቆመ። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ስንዴው ከማዶ አሽቷል። ሁለት የኮሚቴ አባላት ከጓድ ሙላቴ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪውንም የሚቆጣጠር ነበረና እሳቸውም ዓይናቸው አላረፈም። ወሬው አስቀድሞ ስለ ወጣ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እሸቴ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ጀርባውን ሰጥቷል። እናቷ አልመጣችም፤ ሕፃኑ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለው ተብሏል።

«ጓድ ማሩ! ጓዲት ትርንጎ! ወደፊት ኑ!»

ወጡ። ትርንጎ ከማሩ አጠገብ ቆመች። አሁን ያልቃል፣ አንድ ቃል ነው፣ አለች በልቧ።

«ጓድ ማሩ፣ ክርስትና፣ አበልጅ፣ ምንትስ የሚባለው ከዚህች ጓዲት ጋር አትጋባ ብሎ ሊከለክልህ ይችላል? ሕዝቡ ይስማ!»

ማሩ አፉን ከፈተ።

«ኡኡ! ልጄን! ኡኡ!»

ጥሩወርቅ መቀነቷ ተፈትቶ፣ ሕፃኑን በሁለት እጇ ይዛ ከዳገቱ ትሮጣለች። ትርንጎ ቀድማ ደረሰችና ተቀበለቻት። ፈንታሁን እሳት ሆኗል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ ከደረቱ ሥር እየተጎተተ ነው የሚወጣ።

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ። ማን እንደሰማት አላወቀችም። «እኔ ነኝ የገደልሁህ፤ አስቤዋለሁ።»

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት በእግር ቢሄዱ ሕፃኑ መንገድ ላይ ያልቃል። መኪናዋ ግን እዚህ ቆማለች። ሰዉ ሁሉ ወደሷ ዞረ።

ሾፌሩ እጁን አነሣ። «እኔ ያለ ትእዛዝ አልነካትም! ባለፈው ሰው የጫነው ባልደረባዬ እስካሁን ከወህኒ አልወጣም።»

ትርንጎ ሕፃኑን እንደታቀፈች ጓድ ሙላቴ እግር ላይ ወደቀች። «ስለ ፈጠረዎት! ወንድሜ ነው! የመጣው ይምጣ፣ እኔን ይሰሩኝ!»

ጓድ ሙላቴ ግራና ቀኛቸውን አዩ። ሁለቱ ሰዎች ያዩዋቸዋል። «መመሪያው…» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም። «መመሪያው ቋሚ ሠራተኛ፣ ሚስቱና ልጁ ነው የሚለው። አንቺ እንደ ማሩ ቋሚ ሠራተኛ አይደለሽም። ወንድምም አይልም።»

ትርንጎ ቀና አለች። ማሩ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እሱ የምታስበውን አወቀ፤ እሷም እንዳወቀ አወቀች።

«ማሩ» አለች። «በላቸው።»

«ትርንጎ…»

«በላቸው እንጂ!»

«ይህን ካልሁ በኋላኮ…»

«አውቃለሁ! አውቃለሁ፣ በል!» ድምጿ ከአንጀቷ ነው የወጣ። «ልጅህ ነው፣ በላቸው!»

«ጓድ ማሩ» አሉ ጓድ ሙላቴ፣ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዝምድናው ባዶ ነው ልትል ነው የቆምኸው። ዛሬ ልጄ ነው ካልህ ይህ ሕዝብ ነገ ሌላ ቃል አይሰማህም። እኔም ስለናንተ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ገብቶሃል?»

ማሩ ወደሳቸው አልዞረም። ትርንጎን እያየ፣ ሕፃኑን ከእጇ ተቀበለ።

«ልጄ ነው» አለ። ከዚያም ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ልጄ ነው! በእግዚአብሔር ፊት ክርስትና ያነሣሁት ልጄ ነው። እናቱ አበልጄ ናት፤ አባቱ አበልጄ ነው። እኅቱ…» ሕፃኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «እኅቱ እኅቴ ናት።»



ጓድ ሙላቴ ሁለቱን ሰዎች ዞረው አዩ። «ሰማችሁ? የሠራተኛ ልጅ ነው» አሉና ጠረጴዛ እንደሚደበድቡ ሁሉ የመኪናዋን በር ደበደቡ። «ምን ትጠብቃለህ አንተ? አስነሣ!»

ጥሩወርቅና ማሩ ተጫኑ። ትርንጎ አልሄደችም፤ የሚሄዱት አባትና እናት ናቸው። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየች። ከዚያ በኋላ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችው፤ እንደ ሀዘንተኛ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ሴቶቹ ለሕፃኑ የምታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ይተርፋል» ይሏታል። እሸቴ ብቻ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ጋቢውን አውልቆ ደረበላት። 

ፈንታሁን ተረፈ። የሳንባ ምች ነው፣ ትንሽ ቢዘገይ አይደርስም ነበር ብሏል ሐኪሙ።

ማሩ ስንዴው ሳይታጨድ ዝውውር ጠየቀና ሰጡት፤ ሩቅ አገር፣ ወደ ባሌ። ሊሄድ ሲል ለስንብት መጣ። እሸቴ በግ አረደለት፤ ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ «ካንተ እጅ ድንጋይም ብትሰጠን እንዘራዋለን» አሉት። ትርንጎ ማሰሮውን ይዛ እጁን አስታጠበችው። በዚህኛው ቀን ጣቶቹ አልተንቀጠቀጡም፤ የሷም ማሰሮ ቀጥ ብሎ ነበር። ሁለቱም አልቅሰው ጨርሰው ነው የመጡት።

ሕፃኑን ሳመ፤ የጥሩወርቅን ጉልበት ስሞ ተነሣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ትርንጎ በሩን ደገፍ ብላ ቆማለች። ሁሉም እያያቸው ነው፤ የሚደበቅ ነገርም አልቀረም።

«ደኅና ሁኚ» አላት።

«እንዲያ አይባልም» አለች። «ሲለዩ በዝምድና ነው የሚሰናበቱ።»

ማሩ ከንፈሩን ነከሰ። ዳገቱን አየ፤ መሬቱን አየ።

«ደኅና ሁኚ፣ እኅቴ።»

«ደኅና ግባ፣ ወንድሜ» አለችና እንደ ደንቡ ጉንጩን ሳመችው፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።